የላላ ቆርቆሮ

በልጅነቴ ነው፣ ሰባት ሳይሞላኝ፣
"ጆሮ ደግፍ" የሚሉት በሽታ የጣለኝ።
ስሙን ያወጣለት ምን ያለ ቀልደኛ!
ደግፎ መች አውቆ፤ ግራዬን አስተኛ።

ከዚያ ወዲህ ዓለም ባንድ በር ነው መግቢያው፤
ይሰማኛል ድምፁ፣ አይታየኝም መምጫው።
የመርከቡ ጡሩምባ፣ የአሳንሰሩ ገመድ፣
ውሻው፣ ጎረቤቱ — ሁሉም በቀኝ መንገድ።

ቀን ዓሣ እመዝናለሁ፣ ቫልፓራይሶ፣ ከወደቡ ደጃፍ፤
ቅርፊቱ ከክንዴ ታጥቦ የማይረግፍ።
ማታ ኮረብታው ላይ፣ ከቆርቆሮ ቤቴ፣
ማዳመጫዬን ደፍቼ ባናቴ፣
አዳኝ እሆናለሁ።

አራት ሰው ይሸሻል፤ አሳዳጇ እኔ ነኝ።
መብራት የሌለበት የድሮ ሆስፒታል፤
አንዱን ጨለማ ስትከፍተው ሌላ ይወልዳል።
ዓይን እዚያ ሥራ ፈት ነው፤
እንጀራ የሚበላው በጆሮው ያደረ ነው።

ሌሎቹ አዳኞች ቁጭ ብለው ያውቃሉ፣
"ሁለት እርምጃ በግራ፣ ከበሩ ኋላ" ይላሉ።
እኔ ግን እንደ እንዝርት ባለሁበት እሾራለሁ፤
ሲጎላ በቀኜ፣ ሲሳሳ በግራዬ፣
በዚህ ነው የሚለካው ዙሪያዬ።
የሚያዩኝ ይስቃሉ፦ "ይቺ ደግሞ ሰከረች፤
ሰው ልትገድል መጥታ ስትጨፍር አመሸች።"

ይሳቁ።
አንዱን የረገጠው መስታወት አሳጣው።
ሁለተኛው ቆስሎ ነበር፤ ቁስሉ አቃሰተበት።
ሦስተኛዋ በመስኮት ስትዘል
ቀሚሷ ሚስማር ያዘው፤
እሷን አላየሁም፤ ጨርቁን ሰማሁት።

አራተኛው ጠፋ።

ረጭ አለ ሕንፃው።
ጠብታ።
ደግሞ ጠብታ።
ብራመድ የገዛ ኮቴዬ ሊሸፍንብኝ፣
ብቆም ሰዓቱ ሊያልቅብኝ።
ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤
እኔ ያለኝ ባዳ አንድ ብቻ ነውና
አባብዬ፣ ለማምጬ አሳድረዋለሁ።

ያኔ ነው የመጣው፣ የሆስፒታሉ ያልሆነ ድምፅ፦
ጧ።
ቆይቶ፣ ጧ ጧ።
የላላ ቆርቆሮ፣ ነፋስ እያነሳ የሚጥለው።
ማዳመጫዬን ገለጥ አድርጌ የራሴን ጣሪያ አዳመጥኩ፤
ዝም። ባሕሩም ተኝቷል።
እንግዲህ የሱ ነው፣ የአራተኛው፤
በድምፅ ማጉያው ሾልኮ የመጣ፣
ከደቡብ፣ ምናልባት ከፑንታ አሬናስ፣
ዛፍ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ጎብጦ ከሚያድግበት።

ቀጥሎ የሕፃን ሳል።
ቀጥሎ ሹክሹክታ፦ "አባዬ፣ ጭራቁ ሄደ?"
"ሽሽ" አለ አባት።
ለልጁ ዝም በል ማለቱ ነበር፤
ምነው ቃሏን ለራሱ በነገራት፦ ሽሽ!

ዞርኩ።
ሳሳ። ዞርኩ። ጎላ።
ቁም ሳጥኑ ፊት ለፊቴ ቆሟል።

ልተወው? አልዋሽም፣ እጄ አመንትቷል።
የሰው ቤት ሳል ሰምቶ በር መስበር ያሳፍራል።
ግን ልጁ አጠገቡ እያየ ነው፤
እስኪነጋ ጠብቆ
ፈልጎ የሚያጣ ጭራቅ ምን ያደርግለታል?

በሩን በረገድኩት፤ ጓ!
ሰውየው ጮኸ፣ የእውነቱን፣ ወንበር እስኪወድቅ፤
ልጁ ሳቀ፣
ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ መልሶ ሳቅ፤
ቀኝ ጆሮዬ ሞልቶ ፈሰሰ።

ሲያልቅ ጻፈልኝ፦
"እንዴት አገኘኸኝ? ትንፋሼን እኮ ውጬ ነበር።"
ልጁን አላሳጣሁትም።
"ጣሪያህ ላይ የላላ ቆርቆሮ አለ" አልኩት፣
"ነፋስ ሳይወስደው ሚስማር ምታበት።"

ሦስቱ ነጥቦች ዘለሉ፣ ቆሙ፣ ደግሞ ዘለሉ።
"ሳምንቱ ነው፤ ወጥቼ ፈልጌ አጣሁት።
እንዳንተ ያለ ጆሮ ያለው ይንገረኝ፦
ከመኝታ ቤቱ በቀኝ ነው፣ በግራ?"

ጣቴ ከፊደሉ በላይ ቀረ፣
አንዲት ቅርፊት ጥፍሬ ላይ ታበራለች።

ግራ ገባኝ።